ቲቸር የምታውቃት ልጅ

በእኛ ሕንጻ ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ ሽንኩርት አይከተፍም። ሕግ ሆኖ የወጣ ነገር አይደለም፤ ግን ሁሉም ቤት ያከብረዋል። ሽንኩርት ሲከተፍ የልጅ ዓይን ያነባል፤ ልጅ ካነባ ደግሞ ቲቸር ትምህርቱን ታቆምና "ምን አስከፋህ? ቤት ውስጥ ከአንተ ጋር ማን አለ?" ማለት ትጀምራለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣጣ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አልጋነሽ በአንድ ድስት ወጥ የተነሳ የልጅ ልጃቸውን ምን እንዳደረጉት ሳምንት ሙሉ ሲጠየቁ ሰንብተዋል። ስለዚህ ወጣችንን የምንሠራው ወይ በማለዳ ነው፣ ወይ ትምህርት ካለቀ በኋላ።

በዚያ ሰዓት በኮሪደሩ ብታልፉ የምትሰሙት አንድ ድምፅ ነው። ከየበሩ ሥር ያው የቲቸር ድምፅ ይወጣል፤ የሚለየው የምትጠራው ስም ብቻ ነው። ደህና አደርክ ናትናኤል፣ ደህና አደርሽ ሒክማ፣ ደህና አደርክ ይትባረክ። ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ እግዜር ይወቀው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ግን ሌላ ልጅ እንደሌላት አድርጋ ታስተምራለች። እኛ እናቶች የጎረቤቶቻችንን ልጆች የምናውቀው በመልክ ሳይሆን በዚህ በሚጠራው ስማቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ክሩ ላይ ናቸው፣ ሲመሽ ደክሟቸው ይተኛሉ። ሜዳ ላይ የሚሮጥ ልጅ ካየሁ ቆየሁ።

ክር የምንለው በመስኮት የሚገባውን መስመር ነው። ከጸጉር የቀጠነ፣ ብርሃን የሚሄድበት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰዎች ስለሆንን ነው መሰለኝ ሌላ ስም አልመጣልንም። ለአንድ ልጅ አንድ ክር ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ክሩ ይገባለታል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር ታውቀዋለች። ፊቱን ማለቴ አይደለም፤ የልጅ ፊት ማስቀመጥ በሕግ ክልክል ስለሆነ ታያለች እንጂ አትይዝም። የምትይዘው አመላለሱን ነው። ምን ላይ እንደሚፈጥን፣ ምን ላይ እንደሚሳሳት፣ ሲያፍር ምን ብሎ እንደሚያመልጥ። "ከእናታቸው በላይ አውቃቸዋለሁ" ትላለች፤ በትሕትና ነው የምትለው፣ ማንንም ለማስቀየም ብላ አይደለም። እኔን ግን በሰማሁት ቁጥር ያስቀይመኛል።

ትርንጎ እባላለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኖቹን የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ማሽኖቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፣ እኔ እንዲያው ሰው ይኑር ተብሎ ነው የምቀመጠው። አንድ ልጅ አለችኝ፣ ሶስና። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ጥሎን ሄዷል፤ እሱን እዚህ አላነሳውም።

መኪያ ከባቲ የመጣችው ሶስና ክር በገባላት ዓመት ነው። ባሏ ሞቶባት፣ ነጃት የምትባል የሶስና እኩያ ልጇን ይዛ መጣች። ያገኘችው ቤት ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ መዝገቡ ላይ ሱቅ ትባላለች። ሱቅ ተብሎ በተመዘገበ ቤት ደግሞ ክር አይገባም። ሱቅ ውስጥ ልጅ አይኖርማ! መኪያ ክፍለ ከተማ ሄደች፣ ተራ ጠብቂ አሏት። እሷም ልብስ እየጠገነች ተራዋን ጠበቀች፣ ልጅቷም በሩ ላይ ተቀምጣ ስሙ የሚጠራውን ልጅ ሁሉ ታዳምጣለች።

ያን ዓመት ሶስና በትኩሳት ወደቀችብኝ። እኔ ፈረቃ ላይ ነኝ፤ የፈረቃ ሰው ልጄ ታመመች ብሎ አይቀርም። መኪያ "አብሽሪ፣ እኔ እይዛታለሁ" አለችኝ። በማግስቱም ትኩሳቱ አልበረደም። ልጅ ደጋግሞ ከክሩ ከቀረ ክሩ ተነቅሎ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል፤ ይህን ማንም ያውቃል። መኪያ ግራ ገባት። ሶስናን አልጋ ላይ አስተኝታ ልጇን ጠራችና ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ የቤት ልጅ ወንበር ጠብቂ እንደሚባለው።

ቲቸር፣ "ሶስና፣ ዛሬ ድምፅሽ ተለውጧል" አለች።

ነጃት፣ "አሞኝ ነው ቲቸር" አለች። ማንም አላስተማራትም፤ ከራሷ ነው ያወጣችው።

ቲቸር አይዞሽ ብላ ትምህርቱን ቀጠለች። ከፈረቃ ስመለስ መኪያ ይህንን ስትነግረኝ እንባ የሚያስወጣ ሳቅ ሳቅኩ። እንግዲህ ሶስና ስትድን ያቺን ልጅ ምን ልበላት? በቃሽ፣ ወደ ሱቅሽ ውረጂ ልበላት? የጎረቤት ልጅ ቆሞ እያየ የራስን ልጅ ብቻ ማጉረስ ማለት እኮ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም። ጠጋ በይላት አልኳት ልጄን፣ በቃ፣ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ስምንት ዓመት ሁለቱ በአንድ ወንበር ተማሩ። ቲቸር በምታይበት በኩል አንዷ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ከጠረጴዛው ጎን ወለል ላይ ሆና ታዳምጣለች፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ በየተራ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ በራሱ ጊዜ መስመር ያዘ፤ ስሌት ሲሆን ነጃት ትቀመጣለች፣ ንባብና ጽሑፍ ሲሆን ሶስና። ማን ይህን እንዳላቸው አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም። የየራሳቸውን ሳህን እንደሚለዩ ልጆች ነው የለዩት። ነጃት ቁጥር ላይ እሳት ነበረች። ልጄ ደግሞ ብዕር ከያዘች ዓለም ይረሳታል።

ሁለቱም የሚወዱት ቦርከናን ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ነጃት ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ታሰላለች፣ ሶስና ስለ ወንዙ ታሪክ ትጽፋለች። ቲቸር ይህን ሁሉ የምታየው በአንድ ስም ነው። ወላጅ በሚጠራበት ቀን፣ "ልጅዎ ወንዙን በሁለት ዓይን ነው የምታየው" አለችኝ። እኔ ታዲያ እሰይ ብዬ ልደሰት ወይስ ልሳቀቅ? ዝም ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ምደባ መጣ። ቲቸር እያንዳንዱን ልጅ ወደሚሆነው ሥራ ትመራለች፣ ፈተና የሚባል ነገር የለም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ስታውቀው የኖረችውን ልጅ ምን ብላ ትፈትነዋለች? አብዛኛው ልጅ እዚያው ክሩ ላይ ሆኖ ይቀጥላል። ጥቂቶች ብቻ ሐይቅ ይሄዳሉ። ሐይቁ ዳር አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ግቢ ያለው፣ ዛፍ ያለው፣ ልጆች አንድ ላይ የሚተኙበት። ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እዚያ የሚያስተምረው ሰው ነው። ሥጋ ለባሽ ሰው፣ ፊት ለፊት ቆሞ። የትልልቆቹ ልጆች ሁሉ እዚያ እንደሚማሩ እናውቃለን፤ ከእኛ ሕንጻ ግን የሄደ የለም።

ያን ዕለት ጠዋት ወንበሩ ላይ የነበረችው ሶስና ናት። ቲቸር እንኳን ደስ አለሽ አለቻት፣ ሐይቅ ነው የተመደብሽው አለቻት። ልጄ ጩኸቷን አቀለጠችው። ነጃትም ከወለሉ ተነስታ አቀፈቻት፣ ሁለቱም እየዘለሉ ሳቁ። እኔና መኪያ በር ላይ ቆመን አብረን እልል አልን። ከዚያ መኪያ እልልታዋን አቋረጠች። እኔም አቋረጥኩ። ልጆቹ ግን ገና እየዘለሉ ነበር።

ሐይቅ የሚገባው አንድ ሰው ነው።

ከመሄድ በፊት ደግሞ ስንብት አለ። የተመደበው ልጅ ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከቲቸር ጋር የጀመሩትን ትምህርት ለመጨረሻ ጊዜ ተቀምጦ ይጨርሳል። እዚያ ጎን የሚቀመጥ የለም፣ መለዋወጥ የለም። ስሌቱንም ጽሑፉንም አንዷ ናት የምትመልሰው።

መኪያ በነጋታው ወደ እኔ ወጣች። ተቀመጪ ብላትም ቆማ ነው ያወራችው። ክሩ የሶስና ነው አለች፣ ስሙም የሶስና ነው። ልጄን ስምንት ዓመት አስተምረሽልኛል፣ ወላሂ ይህንን ሌላ ሰው አያደርገውም፣ ከዚህ በላይ ከጠየቅሁሽ ነውር ነው አለች። እኔ ኧረ ተይ እንዴት ይሆናል አልኳት፣ አፌ ነው ያለው። ሆዴ ውስጥ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ልጄ ሰው ፊት ተቀምጣ ልትማር ነው፣ እና መኪያ ራሷ መርቃ ሰጠችኝ። ደግማ እንድትለው ፈልጌ ነበር፤ በእርግጥ ለቀቀች ወይ ብዬ ዓይኗን አየሁት። ዓይኗ ቀይ ነበር።

የስንብቱ ቀን እስኪደርስ ነጃት ሶስናን ስሌት ስታስተምራት ሰነበተች። እኔ ብሆን አላደርገውም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። ያቺ ልጅ ግን ከማለዳ ጀምራ ከጎኗ ተቀምጣ፣ ይህን እንዲህ አድርጊው፣ ያን ወደዚህ አምጪው ትላታለች። ልጄ ስታለቅስ ትንሽ ዕረፊና ትላታለች። ሶስና የስምንት ዓመት ትምህርት በጥቂት ቀን ከየት ታምጣው? ነጃት የምታውቀውን እሷም የያዘችው የሚመስላት ጊዜ አለ፣ ከዚያ ወዲያው ይጠፋባታል። እኔ ከኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። አምላኬ፣ እባክህ ትንሽ ብቻ ይግባት እላለሁ።

ስንብቱ የተደረገው በድሮው ትምህርት ቤት ነው። ግቢው አሁን የክር ማከፋፈያ ሆኗል፤ ከረጃጅም ማማዎቹ መሃል አንዲት የመማሪያ ክፍል ሳትፈርስ ቀርታለች። ውስጧ ዴስክ አለ። ሶስና ግድግዳውን አይታ ለምንድነው ጥቁር የቀቡት ብላ ጠየቀችኝ። ድሮ እዚያ ላይ በጠመኔ ይጻፍ ነበር፣ ሁላችንም በአንድ ላይ እናይ ነበር አልኳት። ሁላችሁም አንድ ነገር ነው የምታዩት? አለችና ሳቀች። አራታችንም ነበርን፤ ነጃትና መኪያ ሊሸኙ ብለው መጥተዋል። እኛ በረንዳው ላይ ቀረን፣ ልጄ ገብታ በሩ ተዘጋ።

ብዙ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ ብዬ ያዝኳት። ቲቸር ያለፈውን ሳምንት የወንዝ ስሌት እንጨርስ አለችኝ፣ ሞከርኩ አለች። ከዚያ ሌላ ሰጠችኝ፣ እሱንም ሞከርኩ።

"እማዬ፣ ከዚያ ሶስና የት ናት ብላ ጠየቀችኝ።"

እኔ ነኝ ሶስና አልሽም? አልኳት። ብያታለሁ አለች። ደጋግሜ ነው ያልኳት። ሶስና ውጭ ካለች ትግባ ነው ያለችኝ።

አራታችንም በረንዳው ላይ ቆመን ተያየን። ነጃት ሻሿን አስተካክላ ገባች፤ ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንምም አልከለከላትም። እሷ ብዙም አልቆየች። የወንዙን ስሌት ጨርሻለሁ አለች ስትወጣ። ቲቸር በጣም ተደስታ ነበር፣ የት ጠፍተሽ ነው አለችኝ። ከዚያ ስለ ቦርከና የጀመርሽውን ታሪክ ቀጥይልኝ አለችኝ። ቀጠልኩላት። ትንሽ አዳምጣ አቆመችኝ አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እሷንም ሶስና የት ናት ብላታለች።

ወደ ቤት ተመለስን። ሕንጻው በር ላይ ስንደርስ ከየፎቁ ያው ድምፅ ሲናገር ሰማን፣ በትምህርት ሰዓት እንኳ አይደለም። "ወላጆች ሆይ፣ ሶስና የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጠፍታለች። ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።" ልጄ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እዚህ ነኝ እኮ አለች፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ያን ዕለት ማታ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። ልጅ ጠፋ ከተባለ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦውንም ንፍሮውንም ይዘው መጡና ኮሪደሩን ሞሉት። እኔ ኧረ ልጄ አልጠፋችም፣ ይቻትና አልኳቸው። አይዞሽ አሉኝ። ኀዘን ያናገረኝ መሰላቸው። ሶስና ራሷ ውሃ እየቀዳች እንኩ እያለች ትሰጣቸው ጀመር፤ ምን ታድርግ፣ ሰው ቤቷ መጥቶ። እትዬ አልጋነሽ ብርጭቆውን ተቀብለው ልጄን ትኩር ብለው አዩዋት።

"ድምፅሽ ቁርጥ የእሷን ይመስላል" አሏት። "እህቷ ነሽ?"

የሚያውቁት ድምፅዋን ነው፣ እሱንም በበር ሥር። ልጄ ብርጭቆውን ተቀብላ ኩሽና ገባች። ተከትያት ስገባ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቆማለች። በዚያች ደቂቃ ቲቸርን ባገኛት አንገቷን ነበር የማንቀው። ግን አንገት የላትም።

ነገሩን ሊያጣራ ከክፍለ ከተማ የመጣው ወጣት ሠራተኛ ትሁት ነው፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። ሁሉንም ነገር ነገርኩት። ትኩሳቱን፣ ፈረቃውን፣ ወንበሩን፣ ሁሉንም ሳልደብቅ። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ለቲቸር አንድ ሁለት ጥያቄ አቀረበላትና መልሷን አዳመጠ። እትዬ፣ እኔ አምንዎታለሁ አለኝ። ግን ሶስና ማለት ቲቸር የምታውቃት ልጅ ናት፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ እሷ አይደሉም። ታዲያ እነዚህ እነማን ናቸው? አልኩት። ያልተመዘገቡ ልጆች ናቸው አለኝ፣ የጠፋች ልጅ ቤት ውስጥ የተገኙ።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ለነጃት ስምንት ዓመት ተራ ሲጠበቅ ያልመጣው ክር አሁን መምጫ አገኘ። ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ያልተመዘገበ ልጅ ከተገኘ በአስቸኳይ ክር ይገባለታል፤ ቲቸር የማታውቀው ልጅ እንዲኖር ሕግ አይፈቅድም። ለሁለቱም ይገባል፣ እዚሁ እርስዎ ቤት፣ በየራሳቸው ስም፣ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምረው። ግን ሶስና እስክትገኝ ድረስ ቤቱ ምርመራ ላይ ስለሆነ ሌላ ልጅ አይመዘገብበትም። ካልተገኘችስ? አልኩት። ወንድሜን የሚያህል ልጅ ነው፣ አፈረ። ወላጅ መሞቷን ካሳወቀ መዝገቡ ይዘጋል አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አታሟርት አልኩት። ከቤቴ ውጣ አልኩት። ውሃውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

ቲቸር በየቀኑ ጠዋት ባዶውን ወንበር ትጠራዋለች። ደህና አደርሽ ሶስና። ዝም። እጠብቅሻለሁ። ልጄ ይህን ላለመስማት ጆሮዋን በትራስ ትይዛለች። መኪያ አንድ መላ አመጣች፤ ሁለቱንም እንደ ድሮው እናስቀምጣቸው፣ ተገኘች ትላለች፣ ምድረ ጎረቤትም ወደ ቤቱ ይገባል አለች። ሐይቁ እንደሁ ቀርቷል፤ ቢያንስ የስምንት ዓመቱ ልፋት ውሃ አይብላው። እኔም ልቤ ወደዚያው አዘነበለ። ለሶስና ብዬ ነው፤ ልጄ ስሟን ታገኛለች። ነይ እንግዲህ፣ ነገ ጠዋት ተቀመጪ አልኳት ነጃትን።

ነጃት በእኔ ፊት እምቢ ብላ አታውቅም። ሲልኳት ትላካለች፣ ሲሰጧት ትበላለች፣ እንዲህ ያለች ልጅ ናት። ያን ጊዜ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ ቲቸር ስሜን ስትጠራው አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም" አለች። "በዚህ ሕንጻ የሁሉንም ልጅ ስም ሰምቻለሁ። የኔን ብቻ አልሰማሁም።"

የጎረቤትን ልጅ አጎረስኩ እያልኩ ስኩራራ የኖርኩት ሴትዮ ለካ ስሟን ነው የበላሁባት። መኪያ ልጇን ዝም በይ ልትላት ብድግ አለች። ሶስና መጥታ ነጃት አጠገብ ቆመች። እኔም ተመልሼ ግማሽ አልሆንም እማዬ አለችኝ።

በነጋታው ጠዋት ሁለቱንም ከመኪያ ጋር ወደ ምድር ቤት ሰደድኳቸው፣ እንዳይሰሙ። ጎረቤቶቹን ኮሪደሩ ላይ ትቼ በሩን ዘጋሁ። በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም፤ የልጄን ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ቲቸር፣ "ደህና አደርሽ ሶስና" አለች።

እናቷ ነኝ አልኩ። ደህና አደሩ ወይዘሮ ትርንጎ አለችኝ፣ ዜና አለ ወይ አለችኝ። እናት ይህን ቃል በልጇ ላይ አታወጣውም። ልጅ ሲያስነጥሰው ይማርሽ ብለን የምንደነግጥ ሰዎች ነን። ሦስቴ አማተብኩ፣ እግዚአብሔር ሆይ አንተ ታውቃለህ፣ ይህ በእሷ ላይ አይደለም፣ ጆሮህን ያዝ አልኩ።

"ሶስና ሞታለች" አልኩ።

ቲቸር እግዚአብሔር ያጽናዎት አለች። ስለ ልጅዎ ልንገርዎት? አለችኝ። ንገሪኝ አልኳት።

"ቁጥር ላይ እምብዛም አትሳሳትም ነበር፤ ስትሳሳትም ትስቅ ነበር። አሳዛኝ ነገር ስታነብ ግን ድምፅዋ ይቆራረጣል። ቦርከናን በስንዝር ለክታዋለች፣ ያንኑ ወንዝ ደግሞ እንደ ሰው ታዋራው ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ልጅ ውስጥ መሆኑን ስንት ጊዜ አሰብኩት። እንደሷ ያለች ልጅ አላጋጠመችኝም።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ልጄ ታች በደህና ተቀምጣ ዳቦ እየበላች መሆኗን እያወቅኩ አለቀስኩ። አላውቃትም እኮ፣ ያቺን ልጅ። ቤቴ ውስጥ ስምንት ዓመት ኖራ፣ ሁለቱም ልጆች ሳያውቋት፣ እናት ሳይኖራት ሞተች። ድምፄን የሰሙት ጎረቤቶች ኮሪደሩ ላይ አብረውኝ አለቀሱ፤ እትዬ አልጋነሽ ደረታቸውን ሲመቱ ይሰማኛል። ከወንበሩ ፊት ያለችው የክሩ ትንሽ መብራት ጠፋች።

አዲሶቹ ክሮች በሳምንቱ ገቡ፣ ሁለቱም በዚያው መስኮት። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አደረግሁ። ጠዋት ከኩሽና ሆኜ በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋቸው፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው። መኪያ ከጎኔ ቆማለች።

እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስምሽ ማነው አለች ቲቸር። ነጃት አለች ነጃት። ደህና አደርሽ ነጃት አለቻት። ልጅቷም እባክሽ አንዴ ድገሚልኝ አለች። ቲቸር ደገመችላት። መኪያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ቀጥሎ ያው ድምፅ ከሁለተኛው ወንበር መጣ። እንኳን ደህና መጣሽ፣ ስምሽ ማነው?

"ሶስና" አለች ልጄ፣ ጠንከር ብላ።

"ሶስና የምትባል ተማሪ ነበረችኝ" አለች ቲቸር። "በጣም ጎበዝ ልጅ ነበረች። አንቺም እንደሷ ለመሆን ሞክሪ፣ እሺ?"

ልጄ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወደ ፊት ዞረችና እሺ ቲቸር አለች፤ ሀ በይ ስትባልም ሀ አለች።